ኦስቲዮፓቲክ ሜዲካል ስኩል ስትመርጡ ጫናውን ከዕድሉ ጋር እንዴት ትመዝናላችሁ?

ሁለት ወይም ሦስት የዲኦ (የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ዶክተር) ሜዲካል ስኩል ተቀብሏችኋል እንበል። እንኳን ደስ አላችሁ! እዚህ ድረስ መድረስ በራሱ ቀላል አይደለም። አሁን ደግሞ የመምረጥ ጭንቀት መጣ። ቤተሰብ «ቅርብ ያለው ይሻላል» ይላል። ጓደኛ «ስም ያለውን ያዝ» ይላል። ኢንተርኔት ላይ አንዱ ያሞገሰውን ትምህርት ቤት ሌላው ሲያብጠለጥለው ታነባላችሁ።

ጫና የሌለበት ሜዲካል ስኩል የለም። ስለዚህ «የቱ ይቀላል?» የሚለው ጥያቄ የትም አያደርስም። መጠየቅ ያለበት እያንዳንዱ ጫና ምን ያስገኛል የሚለው ነው። አንዳንዱ ድካም በር ይከፍታል። አንዳንዱ ደግሞ ሰዓታችሁን ወስዶ ምንም አይመልስም። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የምጽፈው በዚህ ዓይን ነው።

ቤት ውስጥ ገና የሚያመነታ ሰው ካለ አስቀድማችሁ ይህን ንገሩት። አሜሪካ ውስጥ ዲኦ ሙሉ ሐኪም ነው። መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ያደርጋል፣ በ50ዎቹም ግዛቶች የሥራ ፈቃድ ያገኛል። የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ዶክተር አንድሩ ቴይለር ስቲል በ1892 ሚዙሪ ውስጥ ከርክስቪል ከተማ ከፈቱ። ዛሬ በአገሪቱ ከሚማሩ አራት የሕክምና ተማሪዎች አንዱ ገደማ የዲኦ ተማሪ ነው። ለንደን ያለ ዘመድ «ኦስቲዮፓት እኮ ሐኪም አይደለም» ቢላችሁ ስለሚያውቀው አገር እውነቱን ነው፤ እዚያ ያለው ሙያ ሌላ ነው። ከ2020 ጀምሮ የኤምዲም (የተለመደው የሕክምና ዶክተር ዲግሪ) የዲኦም ሬዚደንሲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ የሚወሰደው የስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ በአንድ አካል ሥር ነው፤ ተመራቂዎቹም ለአንድ ዓይነት ቦታ ይወዳደራሉ።

1. ምን ዓይነት ሐኪም መሆን እንደምታስቡ በወረቀት ላይ አስፍሩ

ቃል ኪዳን አይደለም፤ ሐሳባችሁ ሊቀየር ይችላል። ግን ሳትጽፉት ትምህርት ቤት ማወዳደር ከባድ ነው። ፋሚሊ ሜዲስን፣ ውስጥ ደዌ፣ የሕፃናት ሕክምና ወይም ሳይካትሪ ከሆነ ለዲኦ በሩ ሰፊ ነው። ከዲኦ ሐኪሞች ከግማሽ በላይ የሚሠሩት በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ዘርፍ ነው። የቆዳ ሕክምና፣ ኒውሮሰርጀሪ፣ ፕላስቲክ ሰርጀሪ፣ ኦርቶፔዲክስ ወይም የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሕክምና ከሆነ በሩ ጠባብ ነው፤ ጥናት፣ ከፍተኛ የፈተና ውጤትና የሚመሰክርላችሁ ሰው ያስፈልጋል።

«ገና አላወቅኩም» ማለትም መልስ ነው። እንደዚያ ከሆነ በር የማይዘጋ ትምህርት ቤት ፈልጉ።

2. የአንድ ተራ ሳምንት ፕሮግራም አስልኩ

ብሮሹሩ ላይ ያለውን የሚያምር ሰንጠረዥ ተዉት። አንድ ተማሪ «ባለፈው ወር የነበረህን የአንድ ሳምንት ካላንደር በስክሪንሾት ላክልኝ» በሉት። ከዚያ በግዴታ የተያዙትን ሰዓቶች ደምሩ።

ምሳሌ እንውሰድ። በአንደኛው ትምህርት ቤት ሌክቸር ላይ መገኘት ግዴታ ነው፤ አቴንዳንስ ይያዛል፤ በሳምንት 28 ሰዓት ክፍል ውስጥ ናችሁ። በሁለተኛው ሌክቸሩ ተቀድቶ ይለቀቃል፤ ግዴታው ላቦራቶሪና የቡድን ሥራ ብቻ ነው፤ 12 ሰዓት። ልዩነቱ በሳምንት 16 ሰዓት ነው። በ36 የትምህርት ሳምንታት ሲባዛ 576 ሰዓት ይሆናል። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት ባዮኬሚስትሪ አንድ ነው። በዚያ ሰዓት ጥናት ላይ መሳተፍ፣ የጥያቄ ባንክ መሥራት ወይም መተኛት ይቻል ነበር።

ይህን ስል አቴንዳንስ ለሁሉም መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ቤት ቁጭ ብሎ ቪዲዮ ማየት የማይሆንለት ሰው አለ። ሳምንቱ ሳይያዝለት ሲቀር ትምህርቱ ይከመርበታል፤ ፈተና ሲደርስ ይደናገጣል። ራሳችሁን በደንብ ታውቃላችሁና በኮሌጅ ጊዜ እንዴት እንዳጠናችሁ አስቡ። በችግር ላይ የተመሠረተ ትምህርት የሚሰጡም አሉ፤ ለምሳሌ የሌኮም የብራደንተን ካምፓስ። እዚያ ሌክቸር አይበዛም፤ በትንንሽ ቡድን የበሽተኛ ታሪክ እየተነተናችሁ ራሳችሁ ታነባላችሁ። ለሚስማማው ሰው ግሩም ነው።

የፈተናውንም ዓይነት ጠይቁ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ፈተና ነው ወይስ በየአራት ሳምንቱ አንድ ከባድ? በየሳምንቱ ከሆነ ቅዳሜና እሁድ የሚባል ነገር የለም፤ ግን አንዱ ቢበላሽ ብዙ አይጎዳም። ከወር በኋላ ከሆነ ፋታ አለ፤ የመጨረሻው ሳምንት ግን ያስጨንቃል።

የዲኦ ብቻ የሆነ ሌላ ጫናም አለ። ኦኤምኤም የሚባለው በእጅ የመመርመርና የማከም ትምህርት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በአብዛኛው 200 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ላቦራቶሪው ውስጥ እርስ በርስ ነው የምትለማመዱት። ጠረጴዛ ላይ በሆዳችሁ ትተኛላችሁ፤ የክፍል ጓደኛችሁ አከርካሪያችሁን በጣቱ እየዳሰሰ አንድ በአንድ ይወርዳል፤ የትኛው አጥንት በቀኝ በኩል እንደያዘ ይፈልጋል። ከዚያ ተራ ትቀያየራላችሁ። በብዙ ትምህርት ቤቶች ወንዶቹ ቁምጣ ብቻ፣ ሴቶቹ ቁምጣና የስፖርት ጡት መያዣ ለብሰው ነው የሚገቡት።

ለብዙ የእኛ ልጆች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሂጃብ የምትለብስ ሙስሊምም ሆነች በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያደገች ልጅ ይህን የምትሰማው የመጀመሪያው ሳምንት ላይ መሆን የለበትም። አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከተመሳሳይ ፆታ ጋር መጣመር ይቻላል? ከጀርባው የሚከፈት ጋውን ይፈቀዳል? ትምህርት ቤቱ ያለምንም ማቅማማት «አዎ፣ እንዲህ ነው የምናደርገው» ካላችሁ ከዚህ በፊት አስቦበታል ማለት ነው። በዓላትንም አብራችሁ አንሱ። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ፋሲካም በብዙ ዓመታት ከእነሱ ይለያል፤ ኢድም ይዞራል። ፈተና በዚያ ቀን ቢውል ማዛወር ይቻል እንደሆነ የተጻፈ ደንብ ካለ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

3. የሁለቱን ፈተናዎች ጫና በግልጽ አስሉ

የዲኦ ተማሪ ለመመረቅ የዲኦ የሥራ ፈቃድ ፈተና የሆነውን ኮምሌክስ ሌቭል ዋንና ሌቭል ቱን ማለፍ አለበት። የኤምዲ ተማሪዎች የሚወስዱት ዩኤስኤምኤልኢ (ክፍሎቹ ስቴፕ ዋን፣ ስቴፕ ቱ ይባላሉ) ለዲኦ ግዴታ አይደለም፤ ብዙዎች ግን ጨምረው ይወስዱታል። ከ2022 ጀምሮ ኮምሌክስ ሌቭል ዋንም ሆነ ስቴፕ ዋን ነጥብ አይሰጡም፤ ማለፍ ወይም መውደቅ ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን የሬዚደንሲ ፕሮግራሞች ዓይን ያረፈው ነጥብ በሚሰጡት በሌቭል ቱና በስቴፕ ቱ ላይ ነው።

ፋሚሊ ሜዲስን ለምታስቡ፣ በተለይ ዲኦ ሬዚደንቶችን ለዓመታት ሲቀበሉ ለኖሩ ፕሮግራሞች፣ ኮምሌክስ ብቻውን ይበቃል። ውድድር የበዛበት ዘርፍ ወይም ትልቅ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከሆነ የምታስቡት ቢያንስ ስቴፕ ቱን ውሰዱ። የፈተናው ክፍያ ለእያንዳንዱ ከ600 ዶላር በላይ ነው፤ የጥያቄ ባንኩ ሌላ ወጪ ነው። ይሄ በር የሚከፍት ጫና ነው። ግን ለማን እንደሚያስፈልግ ለይታችሁ እወቁ፤ «ሁሉም ስለወሰደው» ተብሎ የሚገባበት አይደለም።

ትምህርት ቤቱን የምትመዝኑት በዚህ ጊዜ በሚሰጣችሁ ፋታ ነው። ከፈተናው በፊት ክፍል የሌለበት ስንት ሳምንት አለ? አንዳንዱ ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ሌላው እስከ መጨረሻው ቀን ላቦራቶሪ ያስገባል። ኮምሴ የሚባለውን የሙከራ ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው? ነጥቡ ስንት ነው? ያላለፈ ተማሪስ ምን ይሆናል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። አንድ ትምህርት ቤት የማለፊያ ምጣኔው ከፍ ያለ የሚሆነው በደንብ ስላስተማረ ሊሆን ይችላል። ያልጠነከሩትን ተማሪዎች ፈተና እንዳይቀመጡ ስላቆየም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማለፊያውን ቁጥር ለብቻው አትዩት፤ ስንት ተማሪ እንዳቋረጠና ከገቡት ውስጥ ስንቱ በአራት ዓመት እንደተመረቀ ከጎኑ አስቀምጡ። ኮካ የሚባለው የዲኦ ትምህርት ቤቶች ዕውቅና ሰጪ እነዚህን ውጤቶች ለሕዝብ እንዲያወጡ ያስገድዳል፤ ድረ ገጻቸው ላይ ፈልጉ፤ ካጣችሁ በኢሜይል ጠይቁ።

4. ሦስተኛ ዓመት የት እንደምታሳልፉ እወቁ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ። ብዙ የዲኦ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው ሆስፒታል የላቸውም። ከማኅበረሰብ ሆስፒታሎችና ከግል ሐኪሞች ጋር ተዋውለው ነው ተማሪ የሚልኩት። ውስጥ ደዌ፣ ሰርጀሪ፣ ሕፃናት፣ ማህፀንና ፅንስ፣ ሳይካትሪና ፋሚሊ ሜዲስን የምትማሩበት ቦታ ከካምፓሱ ሩቅ፣ አንዳንዴም ሌላ ግዛት ሊሆን ይችላል። የሚሺጋን ስቴት የኦስቲዮፓቲክ ኮሌጅ ተማሪዎቹን በግዛቱ ውስጥ ባሉ ብዙ ሆስፒታሎች ያከፋፍላል። አሪዞና፣ ሜሳ ያለው የኤቲ ስቲል ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤት ደግሞ ገና ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ በተለያዩ ግዛቶች ወዳሉ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት ይልካል።

ሁለት ተማሪዎችን አስቡ። ሁለቱም ሰርጀሪ ሮቴሽን (በየሕክምና ክፍሉ እየተዘዋወሩ የሚደረግ ልምምድ) ላይ ናቸው። የመጀመሪያዋ ከሬዚደንቶች ጋር ዋርድ ውስጥ ናት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሆስፒታል ትደርሳለች፤ ሌሊት ያደሩትን በሽተኞች ለብቻዋ ታያለች፤ የደም ምርመራቸውን ትይዛለች፤ ራውንድ ላይ ስፔሻሊስቱ ፊት ታቀርባለች፤ ስትሳሳት እዚያው ትታረማለች። ማታ እግሯ አይይዛትም። ሁለተኛዋ የአንድ የግል ሰርጅን ክሊኒክ ናት። ጠዋት 3 ሰዓት ትገባለች፤ ከሐኪሙ ኋላ ቆማ ታያለች፤ ቀትር ላይ ወደ ቤቷ ሄዳ ታጠናለች።

የሁለተኛዋ ሕይወት ቀላል ነው። ግን አራተኛ ዓመት ላይ ልትገባበት በምትፈልገው ሆስፒታል አንድ ወር ለመታየት ስትሄድ፣ በሽተኛ እንዴት እንደሚቀርብና ኖት እንዴት እንደሚጻፍ ገና እዚያ ልትለማመድ ነው። የመጀመሪያዋ ያንን ጨርሳ መጥታለች።

ከግል ሐኪም ጋር መሥራት ሁልጊዜ ኪሳራ አይደለም። ማስተማር የሚወድ ሐኪም ከገጠማችሁና የሚሻማችሁ ሬዚደንት ከሌለ፣ ቀዶ ሕክምና ላይ ዋናው ረዳት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ጥሩ ሚዛን የምለው ሁለቱንም ማግኘት ነው፤ ቢያንስ ውስጥ ደዌና ሰርጀሪ ግን ሬዚደንቶች ባሉበት ዋርድ ቢሆኑ እመርጣለሁ።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱን በጽሑፍ እነዚህን ጠይቁ፦

- የሮቴሽን ቦታዎቹ ዝርዝር ምንድን ነው? ዓመቱን ሙሉ አንድ ከተማ ነው ወይስ በየወሩ መዘዋወር አለ?
- ቦታው እንዴት ይደለደላል? በዕጣ፣ በምርጫ ወይስ በውጤት? ትዳርና ልጅ ያለው ሰው ቅድሚያ ያገኛል?
- ቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? መኪና ግዴታ ነው?
- ባለፉት ሁለት ዓመታት የተሰረዘ የሆስፒታል ውል ነበር? ተማሪዎቹ የት ተላኩ?
- አራተኛ ዓመት ላይ ለሬዚደንሲ ለመታየት ስንት ወር ይፈቀዳል?

«አይጨነቁ፣ ሁሉም ተማሪ ቦታ ያገኛል» ብቻ ብለው ካለፉት መልሱ ገና አልተሰጠም። በትህትና እንደገና ጻፉ።

5. የማች ዝርዝሩን ከፍታችሁ አንብቡ

ማች ተማሪዎች በየሬዚደንሲው የሚደለደሉበት ዓመታዊ ምደባ ነው። በ2024 ማች ከተሳተፉ የመጨረሻ ዓመት የዲኦ ተማሪዎች ከ92 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቦታ አግኝተዋል። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት «ተማሪዎቻችን ሬዚደንሲ ይገባሉ» ሲላችሁ ከሌላው አይለየውም። «99 በመቶ ተመድበዋል» የሚለው ቁጥር ከማች በኋላ ባዶ በቀሩ ቦታዎች የገቡትንም ይጨምራል። ስንቱ በዋናው ማች፣ ስንቱ በኋላ እንደገባ ለዩ። የአንድ ዓመት ብቻ የሆነ የፕሪሊሚናሪ ቦታ ይዞ ቀጣዩ ያልተረጋገጠለት ተማሪ ስንት እንደሆነም ጠይቁ።

የአንድ ዓመት ዝርዝር አይበቃም፤ የሦስት ዓመቱን ደርድሩት። አንዲት ኒውሮሰርጀሪ የገባች ተማሪ በፖስተር ላይ ትወጣለች፤ እናንተ ግን ማየት ያለባችሁ መካከለኛው ተማሪ የት እንደገባ ነው። የምታስቡትን ዘርፍ ከሦስቱም ዓመታት ቁጠሩና ለተማሪው ብዛት አካፍሉ።

ከትምህርት ቤቱ ጋር የተያያዘ ሬዚደንሲ ካለ ትልቅ ዕድል ነው፤ በደንብ የሚያውቋችሁ ሰዎች ናቸው የሚመርጧችሁ። ጥናትን በተመለከተ «የምርምር ዕድል አለ» የሚለውን አትቀበሉ። ከተማሪ ጋር የሚሠሩ ሁለት መምህራን ስም ጠይቁና አምና ምን እንዳሳተሙ ፈልጉ።

6. ገንዘቡ፣ በተለይ ከ2026 በኋላ

ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደሩ ተማሪዎች ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ተዘግቷል። ለሕክምና ተማሪ የቀረው የፌዴራል ብድር በዓመት 50,000፣ በጠቅላላ 200,000 ዶላር ጣሪያ አለው። የግል ዲኦ ትምህርት ቤት ክፍያ 62,000፣ ኑሮ ደግሞ 25,000 ቢሆን በዓመት 37,000 ዶላር ይጎድላል። በአራት ዓመት 148,000 ነው። ይህ ጉድለት በባንክ ብድር ከተሞላ ባንኩ ብዙውን ጊዜ ዋስ ይጠይቃል፤ ዋሱ ደግሞ አባት ወይም እናት ናቸው። ከመፈረማቸው በፊት ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ አስሉት። ወላጅ «ለልጄ ምን የማልሆነው አለ» ብሎ ሳያነብ ይፈርማል፤ እንዲያነብ ማድረግ የእናንተ ኃላፊነት ነው።

የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን በደንብ እዩ። ፎርት ዎርዝ ያለው የቴክሳስ ኦስቲዮፓቲክ ኮሌጅ፣ ሚሺጋን ስቴት፣ ኦክላሆማ ስቴት፣ ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲና የዌስት ቨርጂኒያው ትምህርት ቤት ለግዛቱ ነዋሪ ቅናሽ አላቸው። ዳላስ ያደገ ልጅ ፎርት ዎርዝ ከገባ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዜግነት ያላችሁ ደግሞ የናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮርን ስኮላርሺፕ ተመልከቱ፤ ክፍያችሁን ሸፍኖ ሐኪም ባጠረበት አካባቢ እንድታገለግሉ ያደርጋል። የጦር ኃይሉም ተመሳሳይ አለው። የሁለቱም ግዴታ ከባድ ነውና ውሉን እስከ መጨረሻ አንብቡ። ትምህርት ቤቱ አዲስ ከተከፈተ ደግሞ የፌዴራል ብድር መስጠት ጀምሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

7. ከቤተሰብ መቅረብና መራቅ

ለአበሻ ቤተሰብ ይሄ ከሁሉም ከባዱ ነው። አትላንታ ያለ ልጅ ሱዋኒ ያለው የፒኮም ካምፓስ በመኪና ቅርቡ ነው። የላስ ቬጋስ ልጅ ሄንደርሰን ያለው ቱሮ አጠገቡ ነው። ሲያትል ላለ ያኪማ ያለው ትምህርት ቤት በመኪና ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። አሌክሳንድሪያ ላለ ግን ሊንችበርግና ብላክስበርግ ያሉት ትምህርት ቤቶች «እዚሁ ቨርጂኒያ» ቢባሉም ለሳምንት ቀን ምልልስ አይሆኑም።

ቤት መኖር ኪራይ ያስቀራል፤ የእናት ሽሮ አለ፤ ሲከፋችሁ የሚያነጋግራችሁ ሰው አለ። ይሄ በጣም ትልቅ ነገር ነው። ግን ቤት ካላችሁ ለቅሶ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ሠርግ አለ፣ የአክስትን ወረቀት ማስተርጎም አለ፣ እንግዳ ከኤርፖርት መቀበል አለ። ማንም በክፋት አያደርገውም። ፈተና ሰኞ ሆኖ እሁድን ሰው ቤት የሚያውል ይሉኝታ ግን ይቆጠራል። ቅርብ የምትሆኑ ከሆነ አሁኑኑ ተነጋገሩ፤ «በፈተና ሳምንት የለሁም ብላችሁ ቁጠሩኝ» ብላችሁ ካላንደሩን ፍሪጅ ላይ ለጥፉ። እናትና አባት ምክንያቱ ሲገባቸው ራሳቸው ናቸው እንግዳውን የሚመልሱላችሁ።

8. ተማሪ አነጋግሩ፤ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪ

አስጎብኚ ሆኖ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። ሮቴሽን አልጀመረም፤ ኮምሌክስ አልወሰደም። ከፍ ያለ ዓመት ላይ ያሉትን ፈልጉ። «ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው?» አትበሉ፤ «ደህና ነው» ትባላላችሁ። «ባለፈው ረቡዕ ስንት ሰዓት ገብተህ ስንት ሰዓት ወጣህ?»፣ «አንድ ፈተና ብወድቅ በማግስቱ ማን ይደውልልኛል?»፣ «ስትታመሚ ምን አሉሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቢያንስ ሦስት ሰው አናግሩ፤ ሦስቱም በአንድ ነገር ከተማረሩ እውነት ነው።

9. ደርድሩና ወስኑ

አንድ ገጽ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ ጫናውን ጻፉ፤ በግዴታ የተያዘ ሰዓት፣ ሁለት ፈተና፣ የሮቴሽን ጉዞ፣ የዕዳ መጠን። በቀኝ ከእያንዳንዱ ትይዩ ያ ጫና የሚከፍተውን በር ጻፉ። ቀኙ ባዶ የሆነባቸውን መስመሮች ቁጠሩ። ባዶው የበዛበት ትምህርት ቤት ስሙ ቢያምርም ተዉት። ሁለቱ እኩል ከሆኑባችሁ ሦስተኛው ዓመት የተሻለበትን ውሰዱ። እዚያም እኩል ከሆኑ ርካሹን።

የቦታ ማስያዣ ክፍያው ብዙ ጊዜ ከ1,000 እስከ 3,000 ዶላር ነው፤ በአብዛኛው አይመለስም። ስለዚህ ጥያቄዎቻችሁ ሳይመለሱ አትክፈሉ፤ ቀኑ ከደረሰ ጥቂት ቀን እንዲጨምሩላችሁ በኢሜይል ለምኑ፤ የሚሰጡ አሉ። ከወሰናችሁ በኋላ ለተዋችኋቸው ትምህርት ቤቶች በዚያው ሳምንት አሳውቁ። ቦታችሁን በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው አለ።